ምዕራፍ ሰባት፦ የሌለውን አለ ማለት

በምዕራፍ አራት እንዳየነው ፕሮግራም ራሱ ዲስክ አይነካም፣ ስክሪንም አይነካም። ሥራው መጠየቅ ነው። «ይህን ፋይል ክፈትልኝ»፣ «ይህን ያህል ማህደረ ትውስታ ስጠኝ» ይላል፤ የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ይሰጣል ወይም ይከለክላል። በምዕራፍ ስድስት ደግሞ ለሊኑክስ የተጻፈ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ሲያርፍ ጥያቄዎቹ ሰሚ እንደሚያጡ፣ ስለዚህም በሁለቱ መካከል አንድ አስማሚ ንብርብር እንደሚቆም ተነጋግረናል።

ለዚህ ምዕራፍ ብዬ ያቆየሁት አንድ ጉዳይ አለ። የጥያቄዎቹ ዝርዝር መቼም አይዘጋም። ፖዚክስ የሚባለው መስፈርት፣ ማለትም ዩኒክስ መሰል ስርዓቶች ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች የተጻፉበት ውል፣ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታድሷል። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የወጣው እትም በርካታ አዳዲስ ፈንክሽኖችን ይዞ መጥቷል። ፈንክሽን ስንል ስም ያለው፣ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ የተነገረለት አገልግሎት ማለታችን ነው። ውሉ በታደሰ ማግስት ፕሮግራም ጸሐፊዎች አዲሶቹን ስሞች መጥራት ይጀምራሉ። ከሥር ያለው ስርዓተ ክወና ግን ስሞቹን ሰምቷቸው አያውቅ ይሆናል። ታዲያ አስማሚው ምን ያድርግ?

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ እንደ ማንኛውም የአገራችን ከተማ፣ ከፍርድ ቤትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አጥር ጥግ ማመልከቻ ጸሐፊ አይጠፋም። ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ የመጣ ባለጉዳይ የቢሮውን አሠራር አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። የሚያውቀው ጉዳዩን ነው። ስለ መሬት ይዞታ ደብተሩ፣ ስለ ውርሱ፣ ስለ ድንበሩ በራሱ አነጋገር ይናገራል። ጸሐፊው ቢሮው በሚቀበለው ወግ ይጽፍለታል፣ ወደሚመለከተው መስኮት ይልከዋል፣ መልሱ ሲመጣም ባለጉዳዩ በሚገባው መንገድ ያነብለታል። ባለጉዳዩ ፕሮግራሙ ነው፤ ቢሮው ስርዓተ ክወናው፤ ጸሐፊው አስማሚው።

አሁን አዲስ አዋጅ ወጣ እንበል። አዋጁ ከዚህ በፊት ያልነበረ አገልግሎት ለባለጉዳይ ፈቀደ። የደቁ ሰው በሬዲዮ ሰምቶ መጣ፤ ቢሮው ግን ገና መስኮት አልከፈተም። ጸሐፊው ምን ይችላል? አገልግሎቱ በሌላ ስም የሚሰጥ ከሆነ ስሙን ለውጦ ይጽፋል፤ ይህ ቀላል ነው። ክፍልፋዩ በተለያዩ መስኮቶች የተበተነ ከሆነ ባለጉዳዩን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዞረ ይገጣጥምለታል። ጨርሶ ከሌለ «አባቴ፣ ይህ ነገር እዚህ ቢሮ ገና አልተጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። ሌላም መንገድ አለ፦ ወረቀት ሞልቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ «አልቆልዎታል» ማለት። ሰውየው ደስ ብሎት ወደ ደቅ ይሻገራል። ጉዳዩ አለማለቁን የሚያውቀው ከዓመት በኋላ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲካሰስ ነው።

አስማሚ ላይ አዲስ ፈንክሽን የሚጨምር ሰው በየቀኑ የሚመርጠው ከእነዚህ መካከል ነው። ስሙን ዝርዝር ውስጥ ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከስሙ ጋር የተገባውን ቃል መጠበቅ ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ሲፈጅም ታይቷል።

ሲግዊን ውስጥ ሥራው እንዴት ይሠራል?

ከታወቁት አስማሚዎች አንዱ ሲግዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲግነስ ሶሉሽንስ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተጀመረ፤ ዛሬም በነጻ ይሰጣል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑ የሚያውቀው ዊንዶውስን ብቻ ቢሆንና ለፖዚክስ የተጻፈ ፕሮግራም መሞከር ቢፈልግ፣ ሲግዊንን ጭኖ ይሞክራል። (ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስገባ ንዑስ ስርዓት አምጥቷል። የመጀመሪያው ስሪት አስማሚ ነበር፤ ሁለተኛው ግን እውነተኛውን የሊኑክስ ከርነል ያስኬዳል። ጸሐፊውን አሰናብቶ ቢሮውን ራሱን ግቢ ውስጥ እንደመገንባት ነው።)

ሲግዊን ላይ ፈንክሽን ሲጨመር ሥራው በአንድ ቦታ አያልቅም። ፈንክሽኑ ይጻፋል። ከዚያ ስሙ ከውጭ ሊጠሩ በሚችሉ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ካልገባ፣ ፈንክሽኑ ተጽፎ ቢቀመጥም ማንም አያገኘውም። ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት የራስጌ ፋይል ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ይናገራል። የትኛውን መስፈርት እንደሚከተል በመመሪያው ይመዘገባል። በመጨረሻም የአስማሚው ንዑስ የስሪት ቁጥር በአንድ ከፍ ይላል። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ቁጥሩን ነው። አዲሱን ፈንክሽን ተማምኖ የተሠራ ፕሮግራም አሮጌ አስማሚ ያለበት ማሽን ላይ ሲደርስ፣ ማን ከማን እንደቀደመ የሚመሰክረው እሱ ነው።

እውነተኛው ድካም ያለው ግን የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። ፎርክ የሚባለውን ጥንታዊ የፖዚክስ ፈንክሽን እንውሰድ። ፎርክ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ራሱን ለሁለት እንዲያባዛ ያደርጋል፤ ወላጅና ልጅ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተመሳሳይ ማህደረ ትውስታ ይዘው በየፊናቸው ይቀጥላሉ። ሊኑክስ ይህን በዓይን ጥቅሻ ይሠራዋል፤ እንዲህ ተደርጎ ነውና የተገነባው። ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች የከፈተው እንዲህ ያለ መስኮት የለም። ሲግዊን ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም ያስጀምራል፣ ባለበት ያቆመዋል፣ የወላጁን ማህደረ ትውስታ እየገለበጠ ይሞላዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ይሠራል፤ ግን ዘገምተኛ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን እያከታተለ የሚያስነሣ ሥራ ሲግዊን ላይ ሲንፏቀቅ ያየ ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው። ቃሉ ግን ተጠብቋል። ፖዚክስ ፎርክ ምን እንደሚያደርግ እንጂ በስንት ሰከንድ እንደሚያደርገው አልተናገረም።

ደረጃው ላይ ያመለጠ ጥሪ

ዝግተኛነት ይታያል፤ የሚታይ ችግርም ይታገሡታል። የባሰው የማይታየው ነው።

አንድ የድረ ገጽ አገልጋይ ከብዙ ደንበኞች መልእክት ይጠብቃል እንበል። ምንም ካልመጣ ይተኛል፣ ሲመጣ ይነቃል። ይህን የሚያስችለው ሴሌክት የሚባል የቆየ ፈንክሽን ነው። ከዚህ ሌላ ሲግናል አለ፦ ከርነሉ «ልትዘጋ ነው» ወይም «ልጅህ ሥራውን ጨርሷል» እያለ ፕሮግራሙን በድንገት የሚጠራበት መንገድ። ፕሮግራሙ ወሳኝ ሥራ ላይ ሳለ እንዳይረበሽ ሲግናሎችን ለጊዜው ማገድ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ሊተኛ ሲል ነው። እገዳውን አንሥቶ መተኛት ይፈልጋል፤ ጥሪ ከመጣ እንዲቀሰቅሰው። እገዳ ማንሣት አንድ እርምጃ ነው፤ መተኛት ሌላ እርምጃ ነው። በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ።

ወደ ቢሮው እንመለስ። የደቁ ባለጉዳይ ምድር ቤት ባለው መስኮት «ከአሁን ጀምሮ ስሜን መጥራት ትችላላችሁ» ብሎ አስመዘገበ። የመጠበቂያው ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሲወጣ ስሙ ተጠራ፤ አልሰማም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጥሪውን ይጠብቅ ጀመር። ጥሪው አልፏል። ቢሮው እስኪዘጋ ይቀመጣል፤ የማታዋ ጀልባም ታመልጠዋለች። ጥፋቱ የማን ነው? መዝጋቢው መዝግቧል፣ ጠሪው ጠርቷል፣ ባለጉዳዩም ታዝዞ ተቀምጧል።

ፒሴሌክት የሚባለው ፈንክሽን የተፈጠረው ይህችን ደረጃ ለማስቀረት ነው። እገዳ ማንሣትና መተኛት በማይከፈል አንድ እርምጃ እንዲፈጸሙ ቃል ይገባል፤ በ2001ዱ የፖዚክስ እትምም ገባ። የሊኑክስ ከርነል ግን በጊዜው ይህ አገልግሎት አልነበረውም። በከርነሉና በፕሮግራሞች መካከል የሚቆመው ጂሊብሲ የተባለው መሠረታዊ የፈንክሽኖች ስብስብ (እሱም በራሱ መንገድ አስማሚ ነው) ክፍተቱን ለመሙላት ፒሴሌክትን ከሁለት አሮጌ ጥሪዎች ገጣጠመው፦ መጀመሪያ እገዳውን ማንሣት፣ ቀጥሎ ሴሌክትን መጥራት።

ምን እንደተደረገ ልብ ይበሉ። ፈንክሽኑ ያለው ሁለቱን እርምጃ አንድ ለማድረግ ብቻ ነው፤ መሙያው ደግሞ መልሶ ሁለት አደረጋቸው። ስሙ አለ፣ የሚቀበለው ትክክል ነው፣ የሚመልሰው ትክክል ነው፣ ሙከራ ቢደረግለት መቶ ጊዜ ያልፋል። በሚሊዮን አንድ ጊዜ ጥሪው ክፍተቷ ውስጥ ሲወድቅ አገልጋዩ ተኝቶ ይቀራል፤ ጠዋት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የሚያስነሣው ባለሙያም ምን እንደነካው አያውቅም። እውነተኛው አገልግሎት ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እስከዚያ ድረስ ጠንቃቃ ፕሮግራመሮች መመሪያው ላይ የሰፈረውን ማስጠንቀቂያ አንብበው ፒሴሌክትን ይሸሹት ነበር። በ2024ቱ ፖዚክስ የገባው የቅርብ ዘመዱ ፒፖልም ተመሳሳይ ቃል ይገባል፤ እሱን ወደ አስማሚው የሚጨምር ሁሉ ያቺን ደረጃ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ከባዱ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የፈንክሽን ውል ላይ «በአንድ ጊዜ» የሚል ሐረግ ሲኖር ክፍልፋይ መገጣጠም አይሠራም። ወይ ከሥር ያለው ስርዓት ራሱ በአንድ ጊዜ የሚሠራውን ይስጥ፣ ወይ አስማሚው አልችልም ይበል።

«የለም» የሚል መልስ

አልችልም ማለት ቀላል ይመስላል። ሰው ግን እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ የአስማሚ ጸሐፊዎችም ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሊኑክስ ከርነል ኮፒ ፋይል ሬንጅ የሚባል አገልግሎት አገኘ። ይኸኛው የሊኑክስ እንጂ የፖዚክስ አይደለም፤ ታሪኩ ግን ለጉዳያችን የተመቸ ነው። ፋይል ሲገለበጥ እንደ ድሮው ይዘቱን ወደ ፕሮግራሙ አምጥቶ መልሶ ከመጻፍ ይልቅ ከርነሉ ራሱ እዚያው ይጨርሰዋል። ፋይሉ በኔትወርክ ሌላ ማሽን ላይ ካለ ያ ማሽን ራሱ እንዲገለብጠው ማድረግ ይቻላል፤ ይዘቱ ኔትወርኩን ሁለት ጊዜ አያቋርጥም። ጂሊብሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈንክሽኑን ሲጨምር ለአሮጌ ከርነሎች አዘነላቸውና መሙያ ጻፈ፦ ከርነሉ አገልግሎቱ ከሌለው፣ በማንበብና በመጻፍ ተመሳሳዩን ሥራ መሥራት።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 2.30 ስሪት፣ መሙያው ተነቀለ። የተሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፦ ባሕርዩ ከከርነሉ ባሕርይ ጋር አልገጠመም፤ አደናጋሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ አገልግሎቱ ከሌለው ፕሮግራሙ የሚያገኘው መልስ ኢኖሲስ ነው። ኢኖሲስ «ይህ አገልግሎት እዚህ የለም» የሚል የስሕተት ምልክት ነው። ፕሮግራሙ መልሱን ሲሰማ በራሱ መንገድ ይገለብጣል፤ ምን እየሠራ እንደሆነም ያውቃል። በጸሐፊው «አልቆልዎታል» ፋንታ «አባቴ፣ አልተጀመረም» የሚለው መልስ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ጥቃቅን ጉዳይ አለ፤ ባለሙያ ካልሆኑ ሊያልፉት ይችላሉ። ብዙ ፕሮግራሞች ከመሠራታቸው በፊት «ይህ ፈንክሽን አለ ወይ?» ብለው ስርዓቱን ይፈትሻሉ። ፍተሻው የሚያየው ስሙን ብቻ ነው። አስማሚው ሁልጊዜ «የለም» የሚል ባዶ ፈንክሽን ካስቀመጠ ፍተሻው «አለ» ብሎ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙም አማራጭ መንገዱን ይጥልና በባዶው ላይ ይንጠለጠላል። ጂሊብሲ እንዲህ ያሉ ባዶ ፈንክሽኖችን ለይቶ የሚመዘግብበት ፋይል አለው፤ ፈታሹ አይቶ እንዳይታለል።

16 ባይት ለባሕር ዳር

አንዳንዱ ፈንክሽን መስፈርት ከመሆኑ በፊት ሩብ ምዕተ ዓመት በየቤቱ ይኖራል። ስትርኤልኮፒ ከእነዚህ አንዱ ነው። የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ቶድ ሚለርና ቴዎ ደ ራት እ.ኤ.አ. በ1998 አመጡት። ሥራው ጽሑፍን መጠኑ ወደተወሰነ ቦታ መገልበጥ ሆኖ ከቦታው አልፎ እንዳይፈስ መጠበቅ ነው። አሮጌው ፈንክሽን ስለ መጠን አይጠይቅም፤ የሞላውን አልፎ የጎረቤቱን ማህደረ ትውስታ ይደፋዋል፤ የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ለዓመታት የገቡበት ቀዳዳም ይኸው ነበር። የጂሊብሲ አስተዳዳሪዎች ግን ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም። ክርክራቸው የማይገባውን ጽሑፍ ቆርጦ ማስቀመጥ በራሱ ስሕተት ነው የሚል ነበር።

ክርክሩ ለአማርኛ ተጠቃሚ ባዶ አይደለም። በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ባሕር ዳር» 5 ፊደልና 1 ባዶ ቦታ ነው፤ 16 ባይት። በላቲን ሲጻፍ ግን 9 ባይት ብቻ ነው። አንድ ፕሮግራመር ለከተማ ስም 16 ባይት ቢመድብ፣ አንዱ ለመዝጊያ ምልክት ስለሚያዝ የሚቀረው 15 ነው። ስትርኤልኮፒ የመጨረሻዋን «ር» ከመሐል ይቆርጣታል፤ ስክሪኑ ላይ «ባሕር ዳ» እና አንድ የተሰበረ ምልክት ይቀራል። የማህደረ ትውስታው ደኅንነት ተጠብቋል፤ የከተማው ስም ግን ተበላሽቷል። ፈንክሽኑ የሚመልሰው ቁጥር ሙሉው ጽሑፍ ስንት ባይት እንደነበር ስለሚናገር መቆረጡን ማወቅ ይቻላል። የማይመለከተው ሰው ግን አያውቅም።

ጂሊብሲ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ተቀበለው፤ በማግስቱ ዓመት ፖዚክስም ጨመረው። እስከዚያ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ስትርኤልኮፒ ይዞ ይዞር ነበር። መስፈርቱ ሲመጣ አስማሚው አዲስ ስም ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ በዚያው ስም ቀድመው ቤት ከሠሩት ጋርም መስማማት አለበት።

አሥራ ሦስተኛው ወር

እስካሁን ያየነው ውሉ ከሥር ካለው ስርዓት ሲሰፋ ነው። ሕይወት ከውሉ ስትሰፋስ?

በሲ ቋንቋና በፖዚክስ ውስጥ ቀን የሚቀመጥበት አንድ ቅጽ አለ፤ የዓመት፣ የወር፣ የቀን፣ የሰዓት ቦታዎች ያሉት። የወሩ ቦታ ከ0 እስከ 11 ያለ ቁጥር እንዲይዝ በመስፈርቱ ተደንግጓል። መስከረም 0 ብትሆን ነሐሴ 11 ትሆናለች። ጳጉሜን 12 መሆን አለባት፤ ቦታ ግን የላትም። አምስት ቀን ትሁን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት፣ መስፈርቱ አያውቃትም። አንድ ሰው በድፍረት 12ን ቢጽፍ፣ የ12 ወር ስሞች የያዘ ሰንጠረዥ የሚያነብ ፕሮግራም ከሰንጠረዡ ውጭ ያለ ነገር ያነባል።

ስለዚህ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ወደዚህ ንብርብር መጨመር በሌለ ወንበር ላይ ሰው እንደማስቀመጥ ነው። ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ግዕዝን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ብዙ ደክመዋል፤ ጂሊብሲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ አማርኛ ቅንብርም የዚያ ድካም ፍሬ ነው። ቅንብሩ ስሞቹን በአማርኛ ይጽፋል፤ ወሮቹ ግን የአውሮፓውያኑ ናቸው፤ ቅጹ ሌላ አይፈቅድምና።

መፍትሔው የመጣው ከላይ ነው። አይሲዩ የተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ስብስብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከ13 ወሩ ጋር ያውቃል፤ ዘመናዊ የድረ ገጽ ማሰሻዎችም ያውቁታል። ለመረጃ አሰባሰብ የሚያገለግለው ኦዲኬ ኮሌክት መስከረምና ጳጉሜን ያሉበት የቀን መምረጫ ያሳያል፤ መረጃውን የሚያስቀምጠው ግን በጎርጎርዮሳዊው ቀን ነው። በጤና ተቋማት የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ2ም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይደግፋል። ከሥር ያለው ውል አይነካም፤ ለሰው የሚታየው ከላይ ይተረጎማል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ባይ ነኝ።

የተሳሳተውን መንገድ ለማየት ከፈለጉ ሰዓትን ይውሰዱ። ስልኩ የሀበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ የስልኩን ሰዓት ራሱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው አይጠፋም። ከስክሪኑ ይልቅ መሠረቱን ዋሽቶታል። የላከው መልእክት ሳይላክ የተላከ ይመስላል፤ ከጥቂት ሰዓታት በፊት የተሰጠ የድረ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀትም ጊዜው ያልደረሰ ሊባል ይችላል።

ጥር 11 ቀን 2030

ከቅጹ ሥር ደግሞ አንድ ቁጥር አለ። ፖዚክስ ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ጀምሮ በሰከንድ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ብዙ የቆዩ ስርዓቶች ይህን ቁጥር በ32 ቢት ይይዙታል፤ ሊይዙት የሚችሉት ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ከዚያች ሰከንድ ቀጥሎ ቆጠራው ወደ አሉታዊ ይገለበጥና ማሽኑ እ.ኤ.አ. 1901ን ያሳያል።

ያቺ ሰከንድ የምትውለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ።

መፍትሔው 64 ቢት ነው፤ የ2024ቱ ፖዚክስም የጊዜው ቁጥር ከ64 ቢት እንዳያንስ ደንግጓል። ሆኖም ይህ በቀላሉ የሚጨመር አዲስ ስም አይደለም። ፈንክሽኖቹ ድሮም አሉ፤ ስማቸው አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚቀበሉትና የሚመልሱት ቁጥር ስፋት ነው። በአሮጌው ስፋት የተሠራ ፕሮግራም አዲሱን ቢያገኝ ይበላሻል። ሊኑክስ ከርነል ለ32 ቢት ማሽኖች አዳዲስ ጥሪዎችን አከታትሎ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 5.6 ሥራውን የሚያሟላ ሆነ። ጂሊብሲ በ2021 ተከተለ። አሮጌ ፕሮግራሞች አሮጌውን ፈንክሽን እንዲያገኙ ትቶ፣ ሲሠሩ 64 ቢቱን የመረጡት በዚያው ስም ሲጠሩ ወደ አዲሱ እንዲመሩ አደረገ። አንድ ስም፣ ሁለት መስኮት። ይህ እንዲሆን ግን ፕሮግራሙ እንደገና መሠራት አለበት። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ለአብዛኞቹ 32 ቢት ማሽኖቹ ይህን ሽግግር አድርጎ በ2025 በወጣው 13ኛ ስሪቱ አቅርቧል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሎችን አብሮ መለወጥ ጠይቆታል።

የቤት ኮምፒውተርና አዲስ ስልክ በአብዛኛው 64 ቢት ስለሆኑ አያሳስቡም። የሚያሳስቡት አንዴ ተገጥመው የሚረሱት ናቸው፦ ቆጣሪዎች፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች፣ የኔትወርክ ሳጥኖች፣ የበር መቆለፊያዎች። ከ32 ቢቶቹ ብዙዎቹ በአሮጌው ጂሊብሲ ወይም በመሰሎቹ ላይ ተሠርተዋል፤ እንደገና የሚሠራቸው ሰው የለም። ዛሬ ለመሥሪያ ቤቱ ከ10 ዓመት በላይ እንዲያገለግል ብሎ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው፣ ጊዜውን በ64 ቢት እንደሚይዝ ሻጩን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥለት ይጠይቅ።